የቀያሹን ፋይል ወደ 0,0 አትጎትቱት

«የሰርቬይ ፋይል (ቀያሹ ቦታውን ለክቶ የሳለውን) ሬቪት (የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር) ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት አውቶካድ (የመሳያ ሶፍትዌር) ላይ ወደ 0,0 ጎትቱት፣ አለዚያ ሞዴሉ ይበላሻል» የሚለው ምክር ሰሞኑን በጣም እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተሰጠ ምክር እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ትክክል አይደለም።

መነሻው እውነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ቦታ በዩቲኤም (ቦታን በሜትር ቁጥሮች የሚገልጽ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ሲለካ ወደ ምሥራቅ 470,000 ሜትር፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 998,000 ሜትር ገደማ ይመጣል። ሬቪት ደግሞ ከውስጣዊ መነሻው (ከራሱ 0,0 ነጥብ) ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተሳለን ነገር በደንብ አይዝም፣ መስመሮቹ ይዛባሉ። መፍትሔው ግን ፋይሉን መጎተት አይደለም። እንዳለ ተዉት። በ«ሊንክ ካድ» ስታስገቡ «ሴንተር ቱ ሴንተር» ምረጡ፣ ቦታውን ሕንፃችሁ ላይ አስተካክሉ፣ ከዚያ ሞዴሉ የፋይሉን ቁጥሮች እንዲወስድ «አኳየር ኮኦርዲኔትስ» ብላችሁ ፋይሉን ንኩ። ሞዴሉ መነሻው አጠገብ ይቀራል፣ እውነተኛ ቁጥሮቹንም ያውቃል።

ለማረጋገጥ አንድ የይዞታ ችካል ላይ «ስፖት ኮኦርዲኔት» (የነጥቡን ቁጥር የሚያሳይ ምልክት) አስቀምጡ፤ መነሻው «ሰርቬይ ፖይንት» መሆኑን እዩ። ቁጥሩ ቀያሹ ከሰጣችሁ ዝርዝር ጋር መግጠም አለበት።

ፋይሉን ከጎተታችሁት ችግሩ ቢሮ ውስጥ አይታይም፣ የሚያስቸግረውም ይሄ ነው። ቀያሹ ቶታል ስቴሽኑን (የመለኪያ መሣሪያውን) ተክሎ የኮለን (የምሰሶ) ነጥቦቹን መሬት ላይ ሊያወርድ ሲል ከእናንተ ሞዴል የወጣው ቁጥር ከሳይቱ ጋር አይገናኝም፣ የመንገዱና የፍሳሹ ዲዛይንም ሲመጣ ሌላ ቦታ ያርፋል። አስቀድማችሁ የጎተታችሁት ካለ ዋናውን ፋይል ከቀያሹ እንደገና ጠይቁ።