እርማት፦ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት የያዘን ካንሰር አያድንም

እህቴ፣ ሐዋሳ ያሉት አክስትሽ የማኅጸን በር ካንሰር እንዳለባቸው ከታወቀ በኋላ «ለተማሪዎች የሚሰጠው ክትባት ስለሚያድን ቀዶ ሕክምናው ይቆይ» መባሉን ጽፈሻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እባካችሁ ቀጠሮው አይለፋችሁ!

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተሰጠው ክትባት የሚጠቅመው የማኅጸን በር ካንሰር የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ሰውነት የቫይረሱን የውጭ ሽፋን ለይቶ እንዲያጠቃ ያስተምራል። ወደ ካንሰር የተለወጠ ሕዋስ ግን ያንን ሽፋን አያመርትም፤ ስለዚህ ክትባቱ ያሠለጠነው መከላከያ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ካንሰርን ለማከም የሚሠሩት ክትባቶች ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ነጭ የደም ሕዋሳት የካንሰሩን መለያ አውቀው እንዲያጠቁት ያነሳሳሉ። አሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው ሲፑሉሴል-ቲ ከታማሚው ከራሱ ደም ተወስደው ከተዘጋጁ ሕዋሳት ይሠራል። የሚሰጠው ግን ለተሠራጨ የፕሮስቴት (ወንዶች ብቻ ያላቸው ዕጢ) ካንሰር ነው፤ በጥናት ዕድሜ ያራዘመውም በ4 ወር ገደማ ነው። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ የአክስትሽን ቀዶ ሕክምና ግን አይተካም።

አንቺም 30 ዓመት ከሞላሽ ለምርመራ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ነርሷ የማኅጸን በሩን አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) በነካ ጥጥ ስትቀባው፣ መለወጥ የጀመረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ካንሰር ከመለወጡ በፊትም ይታከማል።