ማስተካከያ፦ ቁጥር የተጻፈባቸውን የኅትመት ሥዕሎች በተመለከተ

በአካባቢው ሠዓልያን የጋራ ዐውደ ርእይ ላይ ቀደም ሲል ባወጣነው መግለጫ፣ ከግርጌያቸው «3/20» እና ይህን የመሰለ ቁጥር በእርሳስ የተጻፈባቸውን ሥራዎች «ቅጂዎች» ብለን መጥራታችን ስሕተት ነበር። ሥራዎቹ ሠዓሊው ራሱ በእንጨት ወይም በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ፣ ሰሌዳውን ቀለም ቀብቶ በወረቀት ላይ ያተማቸው ወጥ ሥዕሎች ናቸው፤ ቁጥሩም ከሃያ እትሞች መካከል ሦስተኛ ተብሎ የተመዘገበ መሆኑን ይገልጻል እንጂ ከሌላ ሥዕል መገልበጡን አያመለክትም። (አነስተኛ ቁጥር ያለው እትም በጥራት ይበልጣል የሚለው ግምትም ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም፤ ቁጥሩ የታተሙበትን ቅደም ተከተል ላይከተል ይችላልና።) «ቅጂ» የሚለው ቃል የሚስማማው በሸራ ላይ የተሠራ ሥዕል ፎቶግራፍ ተነሥቶ በማሽን ሲባዛ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ በዐውደ ርእዩ አልቀረበም። ቃሉ ቀላል ቢመስልም የሠዓሊውን ድካም ስለሚያሳንስ፣ ይቅርታ ልንጠይቅበት የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

በዚያው መግለጫ፣ ሥዕሉን የገዛ ሰው አባዝቶ ሊሸጠው እንደሚችል የሚያስመስል ዐረፍተ ነገርም ነበር። ግዢው ሥዕሉን እንጂ የማባዛት መብቱን አያስተላልፍም፤ መብቱ በተለየ ውል ካልተሰጠ በቀር ከሠዓሊው ጋር ይቆያል። በ1886 እ.ኤ.አ. የተፈረመውና የሥነ ጽሑፍና የሥነ ጥበብ ሥራ ባለቤቶችን መብት የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነትም በመደበኛነት ለሥዕል ያስቀመጠው ዝቅተኛ የጥበቃ ዘመን የሠዓሊው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ያሉት 50 ዓመታት ናቸው።