ሹፌሩ ተቀየረ፣ አየሩ ግን ያው ነው

የአውሮፓ ፎርሙላ ዋን ውድድር እሑድ ሲጀመር ዋሽንግተን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ግማሹ ሐበሻ ተመልካች ስልኩን ኪሱ ከትቶ ቅዳሴ ላይ ቆሟል። አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ዱባይ 11 ሰዓት ይሆናል። ወሬው ሦስቱም ጋ አንድ ነው፦ «ቀዝቅዟል፣ እንደ ድሮው አይደለም።» የሚለያዩት ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚጥሉ ነው። አገር ቤት ነገሩ በኳስ ዓይን ስለሚታይ ወሬው ሁሉ ዝውውር ነው፤ እከሌ ይውጣ፣ እከሌ ይግባ። አቡ ዳቢና ባህሬን ሜዳው ድረስ ሄደው የሚያዩት ደግሞ ሕጉንና መኪናውን ይወቅሳሉ። እውነቱ ወደ ኋለኞቹ ያደላል።

ዝውውር መድኃኒት ቢሆን ኖሮ 2025 (እ.ኤ.አ.) ይበቃ ነበር። ሹፌሩ ሃሚልተን ከመርሴዲስ ቡድን ወደ ፌራሪ ሄደ፤ ዓመቱን ሙሉ በእሑድ ውድድር አንዴም መድረክ ላይ (ከ1ኛ እስከ 3ኛ) አልወጣም። የሬድ ቡል ቡድን ሎውሰንን ከሁለት ውድድር በኋላ አንስቶ ሱኖዳን አስገባ፤ ለ2026 ደግሞ ሱኖዳን አንስቶ ሃጃርን። ያ ወንበር ከ2019 ጀምሮ ጋስሊን፣ አልቦንንና ፔሬዝንም አስነስቷል። በተሸነፉ ቁጥር አሠልጣኝ ማባረር የለመደ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በዚያው ዓመት የማክላረኑ ኖሪስ ዋንጫውን የወሰደው የሬድ ቡሉን ቨርስታፐንን በ2 ነጥብ ብቻ በልጦ፣ 423 ለ421፣ በመጨረሻው ውድድር ነው። የነጥብ ሰንጠረዡ ልብ ይሰቅላል፤ ብዙው እሑድ ግን ሰልፍ ነበር።

ምክንያቱ አየር ነው። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የአንድ ሰከንድ ርቀት 70 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ርቀት ላይ ተከታዩ መኪና የሚያገኘው የተረበሸ አየር ስለሆነ ክንፉና ወለሉ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫኑበት ጉልበት ይቀንሳል። መታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል፣ የጎማው ገጽ ይግላል፣ ፍሬኑም በቂ ንፋስ አያገኝም። ጥቂት ዙር እንደታገለ ጎማውን ለማዳን ወደ ኋላ ይላል። የ2022ቱ ሕግ ጉልበቱን ወደ መኪናው ወለል አውርዶ ይህን አቅልሎት ነበር፤ መሐንዲሶቹ ግን ዓመት በዓመት ቀዳዳ እያገኙ የተረበሸውን አየር መለሱት። ክብደቱ ሲጨመርበት ደግሞ ባሰ፦ በ2008 ከነሹፌሩ 605 ኪሎ የነበረው ዝቅተኛ ክብደት በ2025 800 ደርሷል።

ሞናኮ ሁሉንም ያጋልጣል። እስከ 2025 2 ሜትር ስፋት የነበረው መኪና በዚያ ጠባብ የከተማ መንገድ ማለፊያ አላገኘም። በ2024 በመጀመሪያው ዙር ውድድሩ በግጭት ሲቆም ሁሉም ሕጉ የሚያስገድደውን የጎማ ለውጥ እዚያው ጨረሰና ከ1 እስከ 10 የነበሩት በተነሡበት ቅደም ተከተል ጨረሱ። በ2025 ለጎማ ለውጥ ሁለት ጊዜ መቆም ግዴታ ሆነ። ውጤቱ? ሎውሰን ሆን ብሎ እየተጎተተ ከኋላው ያሉትን አፍኖ ያኔ በሬሲንግ ቡልስ የቡድን ጓደኛው ለነበረው ለሃጃር መቆሚያ ጊዜ ከፈተለት፤ የዊሊያምስ ቡድን ሹፌሮችም ያንኑ ዘዴ ተጠቀሙ። ጎማ ቀያሪው ከሁለት ሰከንድ ብዙም የማይርቅ ጎሚስታ ቢሆንም (በ2023 ካታር ላይ ማክላረን በ1.80 ሰከንድ ጨርሷል) መቆሚያው መንገድ ሞናኮ ላይ በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ስለሚነዳ ጠቅላላ ኪሳራው ወደ 20 ሰከንድ ይጠጋል። ያንን ክፍተት የሚያስገኘው የቡድን ጓደኛ ከኋላው ያሉትን ሲያዘገይ ነው።

አዲስ አበባ ያለው ተመልካች አንድ ነገር ከማንም በላይ ያውቃል፦ ከፍታ። ከሞጆ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ የሚደክመው አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦው ጉልበቱን ሲያካክስ ክንፉ ግን አይችልም፤ ለሞናኮ የሚገጠም ትልቅ ክንፍ ተገጥሞ መኪናው ትንሽ ክንፍ በሚገጠምበት በፈጣኑ የጣሊያን ሜዳ በሞንዛ ላይ እንዳለ ይንሸራተታል፣ ሞተሩና ፍሬኑም ለመቀዝቀዝ ይቸገራሉ።

2026 ከወንበር ይልቅ መኪናውን ቀይሯል፦ ዝቅተኛ ክብደቱ 768 ኪሎ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር የጠበበ፣ ዲአርኤስ (ለማለፍ የሚከፈተው የኋላ ክንፍ) የሌለው፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ከ120 ወደ 350 ኪሎዋት ያደገ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የቀረበ ተከታይ ተጨማሪ የባትሪ ጉልበት ያገኛል። አደጋውም እዚያው ነው፤ ባትሪው ቀጥታው መንገድ ሳያልቅ ካለቀ መኪናው ይዝላል፣ ሹፌሩም ባትሪውን ለመሙላት የነዳጅ መርገጫውን ቀድሞ ይለቃል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ክፍተቱ 1.5 ሰከንድ ላይ ሲቆም «ፈሪ ነው» ከማለት በፊት ጎማው ስንት ዙር እንደሮጠ ይታይ።