«ገምተህ ቀጥል» የሚባለው ምክር ሱዶኩን እየገደለው ነው

ኧረ ይሄ ነገር ይብቃ! አንድ ሰው ከባድ ሱዶኩ (ከ1 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮች በየአግድም ረድፉ፣ በየቁልቁል አምዱና በየ3 በ3 ሳጥኑ ሳይደገሙ የሚሞሉበት ባለ 81 ቤት ሠንጠረዥ) ጀምሮ «እዚህ ጋ ተያዝኩ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ፎቶ ሲለጥፍ፣ ከስር የሚደረደረው መልስ ሁሌም ያው ነው፦ «አንዱን ገምተህ ቀጥል፣ ካልሰራ ትመለሳለህ።» ወዴት ነው የሚመለሰው? የተሳሳተ ግምት ወዲያው አይጋለጥም። አስራ አምስት ሃያ ቤት ከተሞላ በኋላ ነው አንድ ረድፍ ላይ ሁለት 4 የሚመጣው። ያኔ የትኛው ቁጥር በማስረጃ እንደገባ፣ የትኛው ከግምቱ እንደተወለደ ማን ይለየዋል? በእስክሪብቶ የሞላ ሰውማ ገጹን ከመተው ሌላ ምርጫ የለውም።

የሚያናድደው ደግሞ፣ ተያዝኩ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለው የተሟላ ዕጩ ነው። ዕጩ ማለት አንድ ባዶ ቤት ውስጥ ሊገቡ የሚችሉ፣ በትንሹ ጥግ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ናቸው። ግማሹን ቤት ጽፎ ግማሹን የተወ ሰው «7 በዚህ ረድፍ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የሚገባው» ማለት አይችልም፤ ሦስተኛው ቦታ ያልጻፈበት ቤት ሊሆን ይችላላ! አንድን ቁጥር ልትከታተሉ ከሆነ በሁሉም ባዶ ቤት ተከታተሉት። አንድ ቤት ስትሞሉም የገባውን ቁጥር ከረድፉ፣ ከአምዱና ከሳጥኑ እዚያው ሰርዙ፤ «በኋላ» የተባለ ስረዛ ይረሳል።

ሁለት ቤት ውስጥ 4 እና 8 ብቻ ተጽፈው ሲገኙ ሁሉም ያያቸዋል። የተደበቀውን ጥንድ ግን የሚፈልገው የለም። በአንድ ሳጥን ውስጥ 4 እና 8 የሚገቡት ሁለቱም በእነዚያው ሁለት ቤቶች ብቻ ከሆነ፣ አብረዋቸው 1፣ 6 እና 9 ቢጻፉም ይሰረዛሉ፤ 4 እና 8 ሌላ መሄጃ የላቸውም። ይህ ቤት በቤት እያዩ አይገኝም። ቁጥር በቁጥር መጠየቅ ነው፦ «4 በዚህ ሳጥን የት የት ይገባል? 8ስ?»

ኤክስ ዊንግ በሚባለው የስረዛ ዘዴ ላይ የሚሰጠው ማብራሪያ ደግሞ ከሁሉም ያሳዝናል። «አራት ማዕዘን ፈልግ» ብለው ይተዉታል። አራት ጥግ ላይ 7 መታየቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም! ረድፍ 2 ላይ 7 የሚገባው አምድ 3 ወይም አምድ 8 ላይ ብቻ መሆን አለበት፤ ረድፍ 6 ላይም እንደዚያው። እንዲህ ከሆነ፣ 7 በረድፍ 2 አምድ 3ን ሲይዝ በረድፍ 6 አምድ 8ን ይይዛል፣ ወይም በተገላቢጦሹ። በየትኛውም መንገድ የሁለቱ አምዶች 7 እነዚህ ሁለት ረድፎች ላይ አልቋል፤ ስለዚህ ከአምድ 3 እና ከአምድ 8 ሌሎች ቤቶች 7 ይሰረዛል። ብዙ ሰው አምዱን ትቶ ረድፉ ላይ የሚሰረዝ ሲፈልግ ይውላል። እዚያ ምንም የለም፤ ረድፉ ላይ ሌላ 7 ቢኖር መጀመሪያውኑ ኤክስ ዊንግ አይባልም ነበር።

እሺ፣ ረድፍ 2 ላይ አምድ 5ም 7 ቢኖረውስ? «ገምት» የሚለው ድምፅ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። ቆዩ! ከታች መሃል ያለውን ሳጥን እዩ። እዚያ 7 የሚገባው አምድ 5 ላይ ብቻ ከሆነ፣ አምዱ ላይ ከሳጥኑ ውጪ ያለው 7 ሁሉ ይሰረዛል፣ ረድፍ 2 ላይ ያለውም ጭምር። አሁን ኤክስ ዊንጉ ተፈጠረ። አንድም ግምት አላስፈለገም።

ኤክስዋይ ዊንግ የሚባለው ሌላው የስረዛ ዘዴም በስሙ ይፈራል እንጂ ሦስት ቤት ነው። ረድፍ 4 አምድ 2 ላይ «2፣ 5»፤ ረድፍ 4 አምድ 7 ላይ «2፣ 9»፤ ረድፍ 8 አምድ 2 ላይ «5፣ 9» አለ እንበል። የመጀመሪያው 2 ከሆነ ሁለተኛው 9 ይሆናል፤ 5 ከሆነ ሦስተኛው 9 ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቤት ከሚያየው (አንዱን በአምድ፣ ሌላውን በረድፍ ከሚጋራው) ቤት፣ ከረድፍ 8 አምድ 7፣ ዕጩው 9 ይሰረዛል። «ይሄም ግምት ነው» የሚሉ አሉ፤ በፍጹም አልስማማም። ሁለቱም መንገድ ተፈትሾ አንድ ውጤት ላይ ከደረሰ ማስረጃ ነው። ገማች አንዱን መንገድ ብቻ ይዞ ይሮጣል።

አፕ ሰሪዎችም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። እንቆቅልህ ስንባባል እንኳ ያቃተው ሰው ሀገር ሰጥቶ መልሱን ሲሰማ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። የፍንጭ ቁልፉ ግን ባዶ ቤት ላይ 6 ጥሎ ይሄዳል። ለምን 6? ከየት መጣ? ዝም! ዕጩዎችን በራሱ የሚሞላ ቁልፍም አለ፤ በስንት ልፋት በኤክስ ዊንግ የተሰረዘውን 7 ድጋሚ ሲነካ መልሶ ይደረድረዋል፣ የሚያየው ረድፍ፣ አምድና ሳጥን ብቻ ነዋ። ቁልፉን አንዴ ብቻ፣ መጀመሪያ ላይ ንኩት፤ ከዚያ በእጃችሁ ሰርዙ።

መጀመሪያ ላይ የተሰጡ ቁጥሮችን ቆጥሮ «ከባድ» ብሎ መለጠፍም ሰው ያሳስታል። አንድ መልስ ብቻ ያለው ሱዶኩ ቢያንስ 17 ቁጥር እንደሚያስፈልገው እ.ኤ.አ. በ2012 በደብሊን የሒሳብ ተመራማሪው ጋሪ ማክጓየርና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር አረጋግጠዋል፤ ሆኖም በ17 ቁጥር ተጀምሮ በቀላል ዘዴ ብቻ የሚያልቅ አለ። በከባድነቱ ስሙ የገነነው የፊንላንዳዊው አርቶ ኢንካላ ሱዶኩ ግን 21 ቁጥር ተሰጥቶታል።

ስለዚህ መልስ የምትሰጡ ሰዎች፣ ፎቶውን አጉሉና ዕጩዎቹ የተሟሉ መሆናቸውን መጀመሪያ እዩ። ፍንጭ የምትሰሩም ቁጥሩን ተዉትና «ረድፍ 2 እና ረድፍ 6 ላይ 7ን ተመልከት» በሉት። ይበቃዋል።