ክብር ለፍላሽ

ሐዋሳ ውስጥ የአገራችንን ፊልም ከፍሎ የሚያይ አንድ ሰው አውቃለሁ። እህቱ ተዋናይት ናት። እሱም ቢሆን "ስጋ ዘመዷን ትኬት አስቆረጠችኝ" እያለ እስከ ዛሬ ያማታል።

ሌሎቻችን ጨዋዎች ነን። የጥበብን ሰው በገንዘብ አናዋርድም። ጥበብ በብር አይተመንም ሲባል ሰምተናል፤ እኛም አልተመንነውም። ተዋናዩን ፍቅር ሐይቅ ዳር ሲዝናና ካገኘነው አንገቱን አቅፈን ፎቶ እንነሳለን። "ወንድሜ፣ ያቺን ፊልምህን አራቴ ነው ያየኋት! ገና ሲኒማ ቤት እያለች ቴሌግራም ላይ ተለቃ ነበር" እንለዋለን። ፈገግ ይላል። ሙያው ነው።

ይህን ልማዳችንን የሚያማ አይጠፋም። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ለማመስገን ደግሞ ትንሽ ሂሳብ ያስፈልጋል።

ፊልም እንደ ዓሣ አይደለም። አሞራ ገደል ያለ ዓሣ አጥማጅ አንድ ቆሮሶ ከሸጠ በኋላ ሌላ መሸጥ ቢያምረው ተመልሶ ሐይቅ መግባት አለበት። ፊልም ላይ ግን ሁሉን የምትበላው የመጀመሪያዋ ቅጂ ናት። የካሜራው ኪራይ፣ መብራቱ፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ ተዋናዩ፣ ኤዲተሩ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ቁርስና ምሳ (የፊልም ሠራተኛ ምሳ ሲዘገይበት ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል) እሷ ላይ ይቆለላል። ሁለተኛዋ ቅጂ ከሻይ ትረክሳለች። ሚሊዮንኛዋም እንደዚያው። ፕሮዲዩሰሩ ታዲያ የመጀመሪያዋን ዕዳ በኋለኞቹ ላይ ትንሽ ትንሽ እየበተነ ሊመልስ ያስባል።

ደግነታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማባዛቱን ከትከሻው አወረድንለት። እሱ ያቺን ውዷን ብቻ ይሥራ፤ ለርካሾቹ እኛ አለንለት።

መናኸሪያ አካባቢ አንድ ደንበኛዬ አለ። በሩ ላይ "ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን" የሚል ለጥፏል። ፍላሽህን ሰጥተኸው ቡና ጠጥተህ ስትመለስ የአንድ ሰው የሁለት ዓመት ልፋት ኪስህ ይገባል። ከነፖስተሩ። ልጁ ሥራው ላይ ቀልድ አያውቅም። አንዴ ድምፁ የሚቆራረጥ ፊልም ሰጥቶኝ ነበር። ስመልስለት አፍሮ ሌላ ሁለት በነጻ ጫነልኝ። ሲኒማ ቤት እንዲህ ያለ መስተንግዶ አለ?

የሰው ፊልም ዩቲዩብ ላይ የሚጭኑት ደግሞ ሌላ ጥበብ አላቸው። ዩቲዩብ ፊልሙ ላይ ከሚወጣው ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለቪዲዮው ባለቤት ይሰጣል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያጣራው ግን በአብዛኛው ማሽን ነው። ማሽኑን ለመሸወድ ምስሉን ልክ እንደ መስታወት ገልብጠው ይጭኑታል። በቀደም እንዲህ የተገለበጠ አንድ ሙሉ ፊልም አየሁ። የሙሽራዋ አባት፣ እነዚያ የተከበሩ ሽማግሌ፣ በግራ እጃቸው ያጎርሳሉ። ቄሱ በግራ ይባርካሉ። የክሊኒኩ ታፔላ ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል። እናቴ አብራኝ እያየች ነበር። "ምን ዓይነት አሳዳጊ የበደላቸው ናቸው!" ብላ ተነስታ ሄደች። ፊልሙ ስለ ጨዋነት ነበር።

አንዳንዱ "ሰው ለመዝናኛ የሚሆን ገንዘብ የለውም" ይላል። ስም ማጥፋት ነው። ቅዳሜ ማታ አቶቴ ብቅ ይበልና ዲኤስቲቪ ቤቶቹን ይይ። አርሰናል ሲጫወት አግዳሚው ሞልቶ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ሁሉ ከፍሎ ነው የገባው። ቡድኑ ሲሸነፍ ተሳድቦ ይወጣል እንጂ ብሬን መልሱልኝ አይልም። ነገሩ ግልጽ ነው። ኳስ ዛሬ ካላየኸው ነገ ውጤቱን ሰምተኸዋል፤ ፍላሽ አይፈይድለትም። ፊልም ግን ይጠብቅሃል። የሚጠብቅህን ደግሞ ማስጠበቅ ነው።

ይህ ቸርነታችን ፊልሞቻችንን ምን ያህል እንዳሰለጠናቸው ልንገራችሁ። ፕሮዲዩሰሩ ብሩ እንደማይመለስ ሲገባው ቁጠባ ተማረ። አንድ ወጣት ጸሐፊ በረሃ የሚያቋርጥ፣ ጦር ሜዳ የሚውል ታሪክ ይዞ ሲመጣ "ጎበዝ! አሁን ይህን ሁሉ አንድ ሳሎን ውስጥ አግባልኝ" ይለዋል። ጦርነቱ በስልክ ይወራል። በረሃው በፎቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ፍቅሩም፣ ክህደቱም፣ ሽምግልናውም አንድ የቆዳ ሶፋ ላይ ያልቃል። ያ ሶፋ ከብዙ ተዋናዮች የበለጠ ልምድ ሳይኖረው አይቀርም።

ከዚያ እኛ ካፌ ቁጭ ብለን እንተቻለን። "ታቦር ተራራ እዚህ ቆሞ፣ ሐይቁ እዚህ ተኝቶ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ከሳሎን አይወጡም?" ጥያቄው ጥልቅ ነው። ያን ሁሉ ሰው ከአዲስ አበባ በሚኒባስ አምጥቶ፣ አልጋ ይዞ፣ ዝናብ ሲጥል ቀኑን አቃጥሎ መመለስ የስንት ትኬት እንደሆነ ግን ያሰበ የለም። ማኪያቶው ከትኬቱ እንደማይተናነስም አላሰብንም። ማኪያቶ ፍላሽ ላይ አይጫንማ!

ቴሌቪዥኑ ጋ ደግሞ ስፖንሰር የሚባል እንጀራ አባት ተገኘ። ብዙ ጊዜ የድራማው አዘጋጅ ራሱ ከጣቢያው የአየር ሰዓት ገዝቶ፣ ስፖንሰር ደጅ ጠንቶ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ማስደሰት ያለበት የሚከፍለውን ነው። ልጅቷ እናቷ ሞታባት ታለቅሳለች፤ የሶፍቱ ካርቶን ግን ስሙን ወደ ካሜራው አዙሮ ተቀምጧል። ወንድሟ ሊያጽናናት ይመጣና "ልስላሴው!" ይላል። እኛም ሶፋችን ላይ ሆነን "ኧረ ማስታወቂያው በዛ!" እንላለን።

ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን አማርኛ አናግሮ ሲመጣ የጥበብ ሰዎቻችን ተቃውመው ነበር። ሂሳቡ ግን ያው የዓሣው ሂሳብ ነው። የቱርኩ ድራማ የመጀመሪያዋን ቅጂ ዕዳ አገሩ ላይ አቃሎ ነው የሚመጣው። እኛ ጋ የምትደርሰው ርካሿ ናት፤ የምትፈልገው ተርጓሚና የድምፅ ተዋናይ ነው። ቦስፎረስ ዳር ያለው ቪላና የኛ ሶፋ በአንድ ሪሞት ይወዳደራሉ። "ፊልም ማለት ይኼ ነው!" እንላለን። ምን ይባላል ሌላ?

ባለፈው ሳምንት ደንበኛዬ ጋ ስሄድ ፊቱ ጠቁሯል። ከጎኑ አንድ ልጅ አዲስ ሱቅ ከፍቶ የሱን ፊልሞች በሙሉ ገልብጦ በግማሽ ዋጋ ይጭናል። ደንበኛዬ ሞኝ አይደለም፤ ፊልሞቹ ጥግ ላይ የሱቁን ስምና ስልክ ጽፎባቸው ነበር።

"ሌባው እሱን እንኳ ሳያጠፋ ነው የሚሸጠው!" አለኝ። "ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ፣ በራሴ ዳታ ያወረድኩትን! በየስማቸው የለየሁትን!"

ከልቤ አዘንኩለት።

"ቆይ ለዚህ ሕግ የለውም እንዴ?"

"አለው" አልኩት። "የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996።"

"ምን ይላል?"

"ያኔ ሲወጣ፣ ሆን ብሎ የሰው መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል።"

ፊቱ በራ። "ሲያንሰው ነው!" አለ። ከዚያ ፍላሼን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ አቀበለኝ።

"ብራዘር፣ አዲሷን ጭኜልሃለሁ። ገና ሲኒማ ቤት ናት።"