ቤቲ ቡፕ የማን ልጅ ናት?

ቤቲ ቡፕ እ.ኤ.አ. በ1930 ኒው ዮርክ ከሚገኘው የፍላይሸር ስቱዲዮ የወጣች የካርቱን ዘፋኝ ናት። አጭር ቀሚስ፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ የሕፃን ድምፅ። ከማን ተቀዳች? ሁለት ጸሐፊዎቻችን አልተስማሙም።

ለሔለን ኬን የሚከራከረው፦

ከሥዕሉ ልጀምር። ሠዓሊው ግሪም ናትዊክ ቤቲን ሲነድፍ መነሻ ያደረገው የዘፋኟን የሔለን ኬንን ፎቶ ነው። ይህን የተናገረው ራሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ቤቲ ግማሽ ውሻ ነበረች፤ የተንጠለጠሉ ረጃጅም ጆሮዎች ነበሯት። በ1932 ጆሮዎቹ ቀለበት የመሰለ የጆሮ ጌጥ ሆኑና ሙሉ ሴት ሆነች። ያ ክብ ፊትና ግንባር ላይ የተጠቀለለው ፀጉር ግን የሔለን ነው። ድምፁስ? ለዓመታት የቤቲ ድምፅ የሆነችው ሜይ ኬስተል፣ ሔለንን በመምሰል ውድድር ያሸነፈች ልጅ ናት! ሔለን በ1932 ፍላይሸርንና የፊልሞቹን አከፋፋይ ፓራማውንትን ከሳ 250,000 ዶላር ስትጠይቅ ከመሬት ተነስታ አልነበረም።

ለቤቢ ኤስተር የምትከራከረው፦

ፊቱን ልተውልህ ወንድሜ። ግን ቤቲን ቤቲ ያደረጋት በዘፈን መሀል የምትለው ትርጉም የለሽ ድምፅ፣ «ቡፕ ኡፕ ኤ ዱፕ» ነው። በ1934 ችሎት ላይ ሉ ቦልተን የተባለ ማናጀር ቀርቦ መሰከረ። እሱ የሚያሠራት ቤቢ ኤስተር የምትባል ጥቁር ሕፃን ዘፋኝ በዘፈኗ መሀል እንዲህ ያሉ ድምፆችን ትጨምር ነበር፤ ሔለንም በ1928 ኒው ዮርክ ምሽት ክበብ ውስጥ ተቀምጣ ሰምታታለች አለ። ኤስተር የምትዘፍንበት ፊልምም ችሎቱ ላይ ታየ። ዳኛው ኤድዋርድ ማክጎልድሪክ የሔለን ማስረጃ በቂ አይደለም ብለው ፈረዱ።

ለሔለን፦

ቦልተንን ነው ምስክር የምትዪኝ? ስቱዲዮው ገንዘብ ከፍሎታል እኮ። ደግሞ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ «እውነተኛዋ ቤቲ ቡፕ» ተብሎ የሚዞረው ፎቶ የኤስተር አይደለም። በእኛ ዘመን የተነሳች ሞዴል ናት። ሰው ሳያጣራ ያጋራዋል፤ ሔለን ደግሞ ሌባ ተብላ ትቀራለች። ይሄ ያሳዝነኛል።

ለኤስተር፦

ስለ ፎቶው ልክ ነህ። ቦልተንንም ቅዱስ ነው አላልኩም። ግን እሱን ብትጥለውም ድምፁ የሔለን ፈጠራ አይሆንም። ሔለን ከመታወቋ በፊት፣ በ1926፣ ጥቁሩ የጃዝ ሙዚቀኛ ሉዊ አርምስትሮንግ ትርጉም በሌላቸው ድምፆች ሲዘፍን ሸክላ ላይ ተቀድቷል። ይህ አዘፋፈን ከጥቁሮች ጃዝ የመጣ ነው። ስቱዲዮውም ምንጩን አሳምሮ ያውቃል። በ1932 ለአንድ የቤቲ ፊልም ጥቁሩን የጃዝ ዘፋኝ ካብ ካሎዌይን ሲደንስ ቀረጹት። ከዚያ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከፊልሙ ላይ ገልብጠው ዋሻ ውስጥ ለሚጨፍር የባሕር እንስሳ መንፈስ አለበሱት። ቤቲ ዳር ቆማ ታየዋለች። አረማመዱን ዓይተኸዋል? እግሩ መሬት የነካ አይመስልም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ችሎቱ ነው። የአንዲት ጥቁር ልጅ ስም ተጠርቶ የስቱዲዮው ኪስ ዳነ። ሔለን ተረታች እንጂ ቢያንስ ዳኛ ፊት ቆማ «ይሄ የእኔ ነው» ብላለች። ኤስተር ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረችም።