ማስተካከያ፦ ሾጣጣው የሃሪኬኑ ስፋት አይደለም

ባለፈው ስለ አትላንቲክ ሃሪኬኖች (ከውቅያኖስ የሚነሱ ኃይለኛ አውሎ ነፋሶች) ስጽፍ፣ ትንበያ ካርታው ላይ ያለው ነጭ ሾጣጣ ቅርጽ የአውሎ ነፋሱን ስፋት ያሳያል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ማብራሪያ እንደሚለው፣ ሾጣጣው የሚያሳየው የአውሎ ነፋሱ መሃል ሊያልፍበት የሚችለውን መንገድ ብቻ ነው። ወደፊት እየሰፋ የሚሄደውም አውሎ ነፋሱ ስለሚያድግ አይደለም፤ ቀኑ በራቀ ቁጥር ትንበያው የመሳሳት ዕድሉ ስለሚጨምር ነው። እንዲያም ሆኖ፣ ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል መሃሉ ከሾጣጣው ሊወጣ ይችላል።

ስህተቴ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 አይክ የተባለው ሃሪኬን የአሜሪካዋ ግዛት ቴክሳስ ሲገባ ደረጃው ከ5ቱ 2 ብቻ ነበር (ደረጃ የሚለካው የነፋስ ፍጥነትን እንጂ ስፋትን አይደለም)። ግን ግዙፍ ስለነበር ባሕሩን ከ4 ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ ወደ የብስ ገፋው። ስለዚህ ከሾጣጣው ውጭ ያለ ሰውም ከአደጋው ውጭ ነው ማለት አይደለም። የነፋሱንና የባሕር ጎርፉን ስጋት የሚያሳዩት ሌሎች ካርታዎች ናቸው።